ሠላሳ አንድ ዓመት ወንዝ ዳር

ጭቃ ሹም ዚቡሴ ንቶምቤላ የሟች ወንድሙን ሚስት ደጅ የረገጠው በምርጫው ዓመት፣ በሚያዝያ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። ከኋላው ሁለት ሰዎች ብርቱካናማ ጨርቅ በጥቅል ተሸክመው ተከትለውታል። ቆንዴኒ አጥሩ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ቆብ ትሰፋ ነበር፤ ያገባች ሴት አማቶቿን አክብራ የምትደፋውን፣ እንደ ሰፌድ የሰፋውን ቀይ ቆብ። በዙሉ አገር፣ በንሲንጊዚኒ ኮረብታ ዙሪያ ከተዳሩት ሙሽሮች የእሷ እጅ ያልነካውን ቆብ የደፋች ጥቂት ናት።

«ማምባታ፣ ደህና አደርሽ?» አላት፣ ባለትዳር ሴት በምትጠራበት በአባቷ ጎሳ ስም።

«እግዜር ይመስገን፣ ንቶምቤላ። ምንድን ነው ያሸከምካቸው? ሰው ሞተ እንዴ?»

«ቅዳሜ ልዑል ማንዱሎ ይመጣል። አርባ ሴቶች ቀይ ቆብ ደፍተው ይቀበሉታል። በየቆቡ ዙሪያ ይቺን ጨርቅ ትሰፊበታለሽ።»

ቆንዴኒ መርፌዋን ምንጣፉ ላይ ሰክታ ጨርቁን በሁለት ጣቷ ነካችው። ቀለሙ የአዲሱ ፓርቲ ነው። ከስድስት ወር በፊት ስሙን የሰማ ሰው አልነበረም፤ አሁን ግን ከአህያ ጋሪ እስከ ቤተ ክርስቲያን አጥር ያልተለጠፈበት የለም። ዚቡሴ ደግሞ በዚያ መንደር የአሮጌው ፓርቲ ሊቀ መንበር ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጋሻ የተሳለበትን ካናቴራ ለብሶ፣ «ጋሻውን የከዳ እናቱን ከዳ» ሲል የኖረ ሰው ነው።

«ይሄ የአዲሶቹ አይደለም?»

«ነው።»

«አንተስ የአሮጌው አይደለህም?»

«ነበርኩ። ልዑሉ ወጣ፣ እኔም ወጣሁ። ቤተ መንግሥቱ ወዴት እንዳዘነበለ የማያይ ዕውር ነው።»

«ንጉሡ ናቸው የነገሩህ? በጆሮህ ሰማህ?»

«ልዑሉ የንጉሥ ደም ነው፣ አንቺ ሴትዮ!»

«የንጉሥ ደም ያለበትማ ኖንጎማ ገበያ ላይ ድንጋይ ብትወረውር አንዱን ትፈነክታለህ።»

ሁለቱ ጨርቅ ተሸካሚዎች ሳቅ አመለጣቸው። ዚቡሴ ዞር ሲል ሳቃቸውን ዋጡት።

«አልሰፋም» አለች ቆንዴኒ መርፌዋን እያነሣች። «ይሄ ቆብ የአማት ማክበሪያ ነው። አማት ፓርቲ አለው? ደግሞስ የወንድምህ ደም አለ። ፋላኬ የሞተው ጋሻ ያለበትን ካናቴራ ለብሶ ነው። በሱ ደም ላይ ብርቱካናማ አልሰፋም፤ የሚሰፋ እጅ ካገኘህ አሰፋ።»

«የምታርሺው መሬት የንጉሥ መሆኑን አትርሺ። እዚህ የተቀመጥሽው በኔ ቃል ነው።»

«ንቀለኛ! ሥሬ ጥልቅ ነው፣ ዶማህን ስለህ ና።»

የዚቡሴ አንገት ደም ሥር ተገተረ። በሰው ፊት፣ ያውም በሴት፣ እንዲህ ተብሎ አያውቅም። የሹመት ዱላውን መሬት ላይ መታና ጮኸ፦

«ካናቴራ! ካናቴራ! ሠላሳ ዓመት በዚያች ካናቴራ አደነቆርሽኝ! እሱ መቼ ለበሳት? ያለበስኩት እኔ ነኝ እኮ!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ዚቡሴ የተናገረውን መልሶ ሊውጥ እንደፈለገ ሁሉ አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያ ጨርቁን አስነሥቶ፣ ደህና ዋይ እንኳ ሳይል፣ በመጣበት እግሩ ሄደ። ቆንዴኒ ከዚያች ምንጣፍ የተነሣችው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው።

የነጮቹ አገዛዝ ሊያበቃ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ የጋሻው ፓርቲና የወንዙ ማዶ ሰዎች ፓርቲ ተፋጥጠው ዙሉ ዙሉን በካናቴራ ቀለም እየለየ በሚገድልበት ጊዜ፣ ባሏ ፋላኬ በባሕር ዛፍ ተክል ውስጥ እንጨት ቆራጭ ነበር። በወር አንዴ ይመጣል፤ ሲመጣ ከሩቅ ሳቁ ይሰማል። አንድ ዓርብ ግን የመጣው በዚቡሴ መኪና፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ነው። «የማዶ ፓርቲ ሰዎች ኖንጎማ አውቶቡስ ተራ ላይ ገደሉት» አላት ዚቡሴ። ደረቱ ላይ ጋሻው ነበር፤ ካናቴራው ግን አልተቀደደም፣ ደምም ብዙ አልነካውም። ያን ጊዜ ይህን ማን ያያል? የሃያ ሰባት ዓመት ሴት ናት፣ ዕንባዋ አላሳያትም።

ሰው ከቤቱ ውጭ ሲሞት ነፍሱ እዚያው ወድቃ ትቀራለች። ስለዚህ የቤተሰብ ወንድ የቁርቁራ ዛፍ ቅርንጫፍ ይዞ፣ የሞተበት ቦታ ሄዶ፣ በስሙ ጠርቶ ያመጣዋል። ይህን ዛፍ የአገሩ ሰው «ንጉሥ ቀባሪ» ይለዋል፤ ነገሥታቱም የሚሸኙት በሱ ነውና። እሾሁ አንዱ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት፣ አንዱ ተቆልምሞ ወደ ኋላ ነው። ዚቡሴ ቅርንጫፉን ይዞ አውቶቡስ ተራው ሄደ፣ መጣም። ቀብሩ ቀብር አልነበረም፣ የፓርቲ ስብሰባ ሆነ፤ ጦርና ጋሻ፣ ፉከራ፣ የበቀል መሐላ። በማግስቱ ከወንዙ ማዶ፣ የማዶው ፓርቲ ደጋፊ የሆኑት የኮዛዎች ቤት ነደደ። ቆንዴኒ በጥቁር ልብሷ ከደጇ ቆማ ጭሱን አየችና «ይበላቸው» አለች። በኋላም ቢሆን አላልኩም ብላ አልካደችም።

ከዚያ ወዲህ በየምርጫው ጋሻዋን ለብሳ ከሰልፉ ፊት የምትቆመው እሷ ናት። አንድ ነገር ብቻ ይከነክናት ነበር። ፋላኬ በሕልሟ ይመጣል፤ ሁልጊዜ እስከ ጉልበቱ ርሶ፣ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ፣ ግባ ስትለው አይገባም። ለአንዲት አዋቂ ነገረች፤ «መንገዱን አላገኘም» አለቻት። ፍየል አሳረደች፣ ደገመች። እሱ ግን ያው፣ ርሶ፣ ከውጭ።

ዚቡሴ በመጣ በማግስቱ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ወንዙን ተሻግራ ማኮዛ ደጅ ቆመች። ማኮዛ ከዚያ ከነደደው ቤት የተወለደች፣ እዚያው ማዶ ለጎረቤት የተዳረች፣ ትምህርት ቤት በር ላይ ቦምቦሊኖ እየጠበሰች የምትሸጥ ሴት ናት። ሁለቱ በቧንቧው ሰልፍ ላይ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተያይተው ምራቅ ሲተፉ ኖረዋል።

«እዚያው ቁሚ» አለች ማኮዛ ከድስቷ ሳትነሣ። «ምን ጎደለሽ? የምታቃጥይው ቤት አጣሽ?»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ መጥቼ ነው።»

«ጠይቂ፣ ዘይቴ እየጋለ ነው።»

«ባሌ የት ነው የሞተው?»

ማኮዛ ሊጡን ዘይት ውስጥ ልትጥል ያነሣችው እጇ ባለበት ቀረ። ከዚያ ሊጡን ወደ ሳህኑ መለሰችው።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ፈጀብሽ» አለች። «መሻገሪያው ላይ ነው። አሁን ተሻግረሽ የመጣሽበት። እኔና እናቴ ብርድ ልብስ እናጥብ ነበር። ከሥራው ሲመጣ ጠበቁት፤ አራት ናቸው፣ አራቱም የናንተው ሰዎች። ‹ንጉሥ የሁላችንም አባት ነው፣ እንዴት የአንድ ፓርቲ ጋሻ ይሆናል› ብሎ በመጠጥ ቤት ተናግሯል አሉ። የኛን ፓርቲ መታወቂያ ከኪሱ አውጥተው አሳዩት፣ አፉ ላይ አደረጉበት። ውኃው ውስጥ ነው የጨረሱት።»

«ዚቡሴስ?»

«እሱ አልገደለም፤ ውሸት አልጨምርበትም። ካለቀ በኋላ ነው በመኪናው የደረሰው። ወንድሙን ታቅፎ ጮኾ አለቀሰ። ከዚያ ፊቱን ታጠበ፣ የራሱን ካናቴራ አወለቀና አለበሰው። ጭነው ወሰዱት።»

ቆንዴኒ የአጥሩን እንጨት ያዘች። «ለምን አልነገራችሁኝም?»

«እናቴ ልትነግርሽ መጣች! ከደጅሽ በድንጋይ አባረርሻት፤ ግንባሯ ላይ ጠባሳውን ይዛ ነው የተቀበረችው። በማግስቱ ወንድሜ ከነቤቱ ነደደ። ከዚያ በኋላ ማን ይንገርሽ?»

«ማኮዛ፣ እኔ… ይቅር…»

«አትድከሚ። ይቅርታሽን ምን አደርገዋለሁ? ለወንድሜ ቤት አይሠራለትም። ሂጂ፣ ባልሽን ከውኃ አውጪ።»

ቆንዴኒ ስትመለስ መሻገሪያው ላይ ቆመች። ለካ ያ ሁሉ ዘመን ውኃ ስትቀዳ፣ ከብት ስታሻግር፣ ጫማዋን አውልቃ ስትራመድ፣ በሱ ላይ ነበር የምትሄደው። የሚገርመው ግን አላለቀሰችም። የተሰማት ንዴት ነው፣ ጥርስ የሚያፋጭ ንዴት። በዚቡሴ ተናደደች፤ ሳይነግራት ፓርቲ በቀየረው በፋላኬም ተናደደች፤ ከሁሉ በላይ ግን ጭሱን አይታ ይበላቸው ባለችው በራሷ።

ለዚቡሴ ሰው ላከችበት። «ቅርንጫፍ ቁረጥና መሻገሪያው ድረስ ናና ወንድምህን ጥራ። የወንድ ሥራ ነው፣ አንተ አለህ» አለችው። የመጣላት መልስ «ይህ ሳምንት የልዑሉ ነው፤ አፍሽን ዝጊ» የሚል ነበር። ከዚያ ወዲያ ደግማ አልላከችም። ቅዳሜን የመረጠችውም ሳታስብ አይደለም።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ጋሻ ያለበትን ካናቴራ አጥሩ ላይ ሰቀለችው፣ ጥቁር ቀሚስ ለበሰች፣ ቀይ ቆቧን ደፋች፣ በመጥረቢያ የቁርቁራ ቅርንጫፍ ቆረጠች። እሾሁ መዳፏን ወጋት፣ አልለቀቀችውም። ወንዝ ወርዳ ውኃው ውስጥ እስከ ጉልበቷ ገባች፣ ቅርንጫፉን ውኃ አስነካችው።

«ፋላኬ፣ የንቶምቤላ ልጅ፣ እኔ ነኝ ቆንዴኒ። ሌላ ቦታ ፈለግንህ፣ ተሳሳትን። ተነሥ፣ ቤት እንሂድ።»

ቅርንጫፍ የያዘ ሰው እስከ ቤቱ ድረስ ሕያው ሰው አያናግርም፣ ሰላምታም አይመልስም። ለተሸከመው ብቻ ነው የሚናገረው፤ «አሁን ድልድይ ነው፣ አሁን ዳገት ነው» እያለ መንገዱን ይነግረዋል። ወደ ቤቷ የሚወስደው መንገድ ደግሞ በትምህርት ቤቱ ሜዳ በኩል ያልፋል።

ሜዳው ብርቱካናማ ለብሷል። ድንኳን ተተክሏል፣ ሁለት በሬ ታርዷል፣ የማሽላ ጠላ በበርሜል ተደርድሯል። አርባዎቹ ሴቶች ቆባቸው ላይ ጨርቁን በመርፌ ቁልፍ አያይዘው ተኮልኩለዋል። ልዑል ማንዱሎ የነብር ለምድ በትከሻው፣ ብርቱካናማ ሻሽ ባንገቱ አድርጎ መድረክ ላይ ቆሟል። «የንጉሥ ቤት የሁሉም እናት ናት» ይላል በድምፅ ማጉያው። «እናታችሁ ደግሞ ዘንድሮ የት እንዳለች ታውቃላችሁ!» ሕዝቡ «ንዳቤዚታ!» እያለ የንጉሥ ዘር የሚከበርበትን ቃል ይመልሳል።

ቆንዴኒ ከመንገዱ አልወጣችም። ድምፅዋን ግን ከፍ አደረገች።

«ፋላኬ፣ የትምህርት ቤቱ ሜዳ ደርሰናል። ይህ የምትሰማው የልዑሉ ድምፅ ነው፤ አትደንግጥ። ፊት ለፊት ወንበር ላይ ያለው ወንድምህ ዚቡሴ ነው። ከውኃው አውጥቶ ጋሻ ያለበትን ካናቴራ ያለበሰህ እሱ ነው። ዘንድሮ ብርቱካናማ ለብሷል። ዛሬ ብትሞት ኖሮ ብርቱካናማ ያለብስህ ነበር።»

መጀመሪያ የሰሙት ዳር ያሉት ናቸው። ጭብጨባው ከኋላ ጀምሮ ሞተ። ልዑሉ ቃሉን አቋርጦ «ማናት?» አለ። ድምፅ ማጉያው ጥያቄውን ለሜዳው ሁሉ አሰማው።

ዚቡሴ ከወንበሩ ተነሣ። «ንጠቋት! ሴት ቅርንጫፍ አትይዝም! ንጠቋት አልኩ!»

የሚንቀሳቀስ ጠፋ። ከፓርቲው ወጠምሾች አንዱ ሁለት እርምጃ ሄደና እሾሁን አይቶ ቆመ። ንጉሥ ቀባሪን ከሰው እጅ የሚነጥቅ ማን አለ? ከንቶምቤላ ወገን የሆነ አንድ ሽማግሌ፣ ምዚኬ የሚባል፣ ኮፍያውን አወለቀ። ከሱ ቀጥሎ ያለው አወለቀ። ሴቶቹ አንድ በአንድ መሬት ተቀመጡ።

«ፋላኬ፣ ወንድምህ ሴት አትይዝህም እያለ ነው። ወንድ ጠርቼ አልመጣም። አራቱን ገዳዮችህን እኔ አላውቃቸውም፣ እሱ ያውቃቸዋል፤ አንዳንዶቹም እዚህ ሥጋ እየበሉ ይሆናል። ኮዛዎች አልገደሉህም። እኔ ግን ቤታቸው ሲነድ ይበላቸው ብያለሁ። ይህንንም ከኔ ስማ። በል፣ አሁን ዳገት ነው።»

ልዑሉ ድምፅ ማጉያውን ዝቅ አድርጎ፣ ራሱን ደፍቶ፣ እስክታልፍ ድረስ ቆመ። ሬሳ ሲያልፍ የንጉሥ ዘርም ይቆማል። ካለፈች በኋላ ዘወር ብሎ ዚቡሴን «ይቺ ሴት ስለ የትኛው ውኃ ነው የምታወራው?» አለው። ዚቡሴ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። ልዑሉ ንግግሩን ሊቀጥል ሞከረ፤ ሰው ግን በቡድን በቡድን ሆኖ በሹክሹክታ መነጋገር ጀምሮ ነበር። ከሥጋው ሳይቀምስ መኪናው ውስጥ ገብቶ ሄደ።

ቆንዴኒ ቅርንጫፉን በጎጆዋ ውስጠኛ ጓዳ፣ ለሙታን በሚነገርበት ቦታ አስቀመጠችው። ፍየሏን ሽማግሌው ምዚኬ መጥቶ አረደላት። ከዚያ ቀን ወዲህ ፋላኬ ርሶ በሕልሟ አልመጣም።

ዚቡሴ ግን ዝም አላለም። የጭቃ ሹሞች አለቃ በሆነው ባላባት ችሎት ከሰሳት፤ የወንድ ሥርዓት ነጠቀች፣ ልዑል አዋረደች ብሎ። ባላባቱ አርጅቶ የደከመው ሰው ነው፤ ስንት ፓርቲ በደጁ ሲያልፍ አይቷል። ክሱን ሰማና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«ወንድምህ የት ሞተ?»

«ጌታዬ፣ ነገሩ የቆየ ነው።»

«ነገር ያረጃል፣ ቦታ አያረጅም። የት ሞተ?»

«ያን ጊዜ ጦርነት ነበር፣ ጌታዬ። እውነቱን ብናገር የኛ ቤትም ይነድ ነበር። ልጆች ነበሩን።»

«የኔ ቤት እንዳይነድ የኮዛዎች ነደደ በለኛ!» አለች ቆንዴኒ ከሴቶቹ መካከል።

«ዝም በይ፣ ማምባታ። ለሦስተኛ ጊዜ፣ የት ሞተ?»

ዚቡሴ ዱላውን አየ፣ መሬት አየ። ባላባቱ እጁን ዘርግቶ ዱላውን ተቀበለው፤ ጭቃ ሹምነቱ በዚያው አበቃ። በቆንዴኒም ላይ፣ ሴት ሆና ቅርንጫፍ በማንሣቷ፣ አንድ ፍየል ፈረደባት።

«ፍየሏን እሰጣለሁ» አለች። «ባሌን ግን አልመልስም።»

ችሎቱ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

በምርጫው አዲሱ ፓርቲ መንደሩን ጠራርጎ ወሰደ፤ የቆንዴኒ ንግግር አንድ ድምፅ እንኳ የቀነሰ አይመስልም። አሮጌው ፓርቲ ደግሞ ከድሮ ጠላቱ ጋር ተጣምሮ የክፍለ ሀገሩን ወንበር ያዘ። ሠላሳ ዓመት የተጋደሉት በአንድ ጠረጴዛ ሻይ ጠጡ። ይህን በቴሌቪዥን ያየች ማኮዛ ቧንቧው ሰልፍ ላይ «እንዲህ የሚቀል ከሆነ ያኔ ለምን አልጠጡትም?» አለች። ልዑል ማንዱሎም ከሁለቱም ወገን ጋር ፎቶ ተነሣ። ዚቡሴ በአራት ወሩ ወደ አሮጌው ፓርቲ ተመለሰ። ጋሻውን ግን ደረቱ ላይ ማየት ያስጠላው ይመስል ከሹራብ ሥር ይለብሰዋል ይላሉ።

ቆንዴኒ የድምፅ መስጫ ወረቀቱን ተቀብላ ምን እንዳደረገችበት ለማንም አልነገረችም። ከማኮዛ ጋርም ወዳጅ አልሆኑም። ሰላም ይባባላሉ፣ በዚያ ያበቃል።

በዓመቱ ስኳር የዚቡሴን ግራ እግር አስቆረጠው። ሽማግሌውን ምዚኬን ላከባት። «አንድ ጊዜ መጥታ ትየኝ፤ ሞት ሳይቀድመን እንታረቅ» ብሎ።

«የአራቱን ስም ጽፎ ይላክልኝ» አለች።

ምዚኬ ሄዶ ተመለሰ። «ሁለቱ ሞተዋል ይላል። ምን ያደርጉልሻል?»

«የቀሩት ሁለቱስ?»

«ልጆች አሏቸው፣ የልጅ ልጆች…»

«ፋላኬም ልጆች ይኖሩት ነበር፣ አባባ። ስሙን ይላክ።»

እስከ ዛሬ አልላከም። የሷና የዚቡሴ ግቢዎች የሚለያዩት በአንድ አጥር ነው። ዚቡሴ ጠዋት ጠዋት ወንበሩን አስወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፤ እሷ ስታልፍ ያስላል፣ ከዚያም ስሟን ይጠራል፣ በጎሳዋ ሳይሆን በልጅነት ስሟ። ቆንዴኒ ባልዲዋን ከእጅ ወደ እጅ ሳትለዋውጥ፣ እርምጃዋን ሳታፈጥን ታልፋለች።